ስለ አንዲት ማኅበርና ስለ ሰፊይቱ ቤተ ክርስቲያን፤ በአቦምሳ ለሚኖሩ ምእመናን የተጻፈ ምክር

ይህች ትንሽ ጽሑፍ በመርቲ ወረዳ በአቦምሳ ከተማ ለሚኖሩት፥ እንዲሁም ከአዳማ ጀምሮ እስከ አዋሽ ቆላ ባሉት ከተሞች በወንጌላውያን ማኅበር ለተሰበሰቡት ወንድሞችና እኅቶች የተጻፈች ናት። የምትናገረውም ስለ ውጭ ጠላት አይደለም፤ እሑድ ከጸሎት በኋላ በደጃፍ ቆመን በዝግታ ስለምንነጋገረው ነገር ነው እንጂ። ነገሩም እንዲህ ነው፤ «ይህን የጸሎት ቤት የሠራነው እኛ ነን፤ ድንጋዩን የተሸከምን፥ ቆርቆሮውን የገዛን እኛ ነን። እንግዲህ በሩቅ ከተማ ያለው ጽሕፈት ቤት ከመባችን ስለ ምን ይካፈላል? ሰባኪያችንንስ ስለ ምን ይወስድብናል? ለብቻችን ብንሆን ምን ይጎድልብናል?»

ይህ ጥያቄ የክፉ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስለ ጌታ ቤት የሚቀና ሰውም ይጠይቀዋል፥ የደከመ ሰውም ይጠይቀዋል፥ የተበደለ ሰውም ይጠይቀዋል። ስለዚህ ጠያቂውን በቍጣ ዝም ማሰኘት አይገባም። ሽማግሌዎች ሆይ፥ «አንተ ዓመፀኛ ነህ» ብላችሁ የመለሳችሁት ሰው ጥያቄውን ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በቤቱም ጥያቄው ያድጋል።

አስቀድሜ ግን ይህን የምጽፍልህ እኔ በዚህ ነገር ንጹሕ እንዳልሆንሁ እንድታውቅ እወዳለሁ። ወጣት ሳለሁ ለትምህርት ከትውልድ መንደሬ ወጥቼ በስምጥ ሸለቆ ካሉት ከተሞች በአንዲቱ ተቀመጥሁ። በዚያም ባለችው ማኅበር ሦስት ዓመት ካገለገልሁ በኋላ፥ እጅግ የምንወደው ወንጌላዊ ወደ ሌላ ስፍራ እንዲዛወር የሚያዝ ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው አራት መስመር ነበር፤ ምክንያትም አልተጻፈበትም። እኛም ሃያ ሁለት ወጣቶች በአንድ ቤት ተሰብስበን እስከ እኩለ ሌሊት ተማከርን፤ በመጨረሻም «ከዛሬ ጀምሮ ከጠቅላላይቱ ቤተ ክርስቲያን ተለይተናል» የሚል ወረቀት ጻፍን። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነበርና ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የፈረምሁትም እኔ ነበርሁ።

በማግሥቱ፥ በዚያች ከተማ በተቀመጥሁበት ዘመን ሁሉ እንደ ልጅዋ ታየኝ የነበረች አንዲት ባልቴት ጠራችኝ። ወሬውን ሰምታ ነበር። አልተቈጣችኝም፤ ቡና አፈላችና እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፤ «ልጄ፥ ወደዚህ ከተማ የመጣህ ዕለት ምን ይዘህ መጣህ?»

እኔም፥ «ልብሴንና መጽሐፌን፥ እናቴም የሰጠችኝን ስንቅ» አልኋት።

«ሌላስ?»

ጥቂት አሰብሁና፥ «የመሸኛ ደብዳቤ» አልኋት።

«ያን ደብዳቤ የጻፉትን ሰዎች እኔ አላውቃቸውም፤ አገራቸውንም አላየሁትም። አንተንም አላውቅህም ነበር። ሽማግሌዎች ግን ማኅተሙን አይተው ልጃችን ነው አሉኝ፥ እኔም በዚያው ሌሊት አልጋዬን ለቀቅሁልህ። ዛሬ የጻፍኸው ወረቀት ወደ ፊት ለሚመጣው ልጅ ምን ያደርግለት ይሆን?»

መልስ አጣሁ። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ወረቀቱን አልቀደድሁትም፤ እልከኛ ነበርሁና።

ወንድሜ ሆይ፥ ስለ መሸኛ ደብዳቤ ከቶ አስበህ ታውቃለህን? ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በሐዋርያት ዘመን ክርስቲያኖች ከአገር ወደ አገር የተያያዙበት አንዱ ገመድ ይህ ነበር። አጵሎስ ወደ አካይያ ሊያልፍ በወደደ ጊዜ የኤፌሶን ወንድሞች በዚያ ያሉት ደቀ መዛሙርት ይቀበሉት ዘንድ እንደ ጻፉለት በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 18 እናነባለን። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በመጨረሻው ምዕራፍ የክንክራኦስ ማኅበር አገልጋይ ስለ ነበረችው ስለ ፌቤን አደራ ብሎአል። ከአቦምሳ ወደ አዳማ ለሥራ የሚወርድ ልጅህ፥ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት የምትሄድ ልጅህ፥ ተድራ ወደ ሌላ አገር የምትሄድ እኅትህ፥ እነዚህ ሁሉ ማኅበርህ ከሌሎች ማኅበሮች ጋር ባላት መተዋወቅ ይጠቀማሉ። ለብቻዋ የቆመች ማኅበር የምትጽፈውን ደብዳቤ ማን ያነባል? ቢያነብስ ማን ያምነዋል?

አሁን ወደ አንጾኪያ እንሂድ፤ የእኛን ጥያቄ የሚመስል ነገር በዚያ ይገኛልና። የአንጾኪያን ማኅበር ያቋቋሙአት ሐዋርያት አይደሉም። በእስጢፋኖስ ሞት ምክንያት በሆነው መከራ የተበተኑ፥ ስማቸው እንኳ ያልተጻፈ ሰዎች ወደዚያ መጥተው ለግሪኮች ወንጌልን ተናገሩ፥ ብዙ ሰዎችም አመኑ። እንግዲህ «የሠራነው እኛ ነን» ማለት የሚገባት ማኅበር ብትኖር አንጾኪያ ነበረች። ኢየሩሳሌም አንዲት ድንጋይ አላቀበለቻትም።

የኢየሩሳሌም ሰዎች ወሬውን በሰሙ ጊዜ ምን አደረጉ? በርናባስን ላኩ። ልብ አድርግ፥ ሕግ የሚያወጣ አዛዥን አልላኩም፥ ገንዘብ የሚሰበስብንም አልላኩም፤ ደግና መንፈስ ቅዱስ የሞላበት ሰውን ላኩ እንጂ። እርሱም መጥቶ የእግዚአብሔርን ጸጋ አየና ደስ አለው። እኔ ይህን ክፍል ባነበብሁ ቍጥር «ደስ አለው» በሚለው ስፍራ ቆም እላለሁ። ከላይ የሚላክ ሰው መጀመሪያ ጕድለትን ቢፈልግ ጕድለትን ያገኛል፤ የትኛይቱ ማኅበር ጕድለት የላትም? በርናባስ ግን መጀመሪያ ጸጋውን አየ። ከዚያም ሥራው ለአንድ ሰው እንደሚበዛ ባየ ጊዜ ወደ ጠርሴስ ሄዶ ሳውልን አመጣላቸው፤ ሁለቱም ዓመት ሙሉ አስተማሩአቸው።

ከዚህም በኋላ በቀላውዴዎስ ዘመን ረሃብ በሆነ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። ትንሽቱና አዲሲቱ ማኅበር ለትልቅቱና ለቀድሞይቱ እርዳታ ሰደደች፤ እያንዳንዱም እንደ ችሎታው አወጣ። አንጾኪያ ግብር ከፈለች አይባልም፤ ለወንድሞችዋ ሰደደች ይባላል እንጂ።

ቀጥሎም ጭቅጭቅ መጣ፤ ይህም ቀላል ነገር አልነበረም። ከይሁዳ የመጡ ሰዎች አሕዛብ ካልተገረዙ መዳን አይችሉም ብለው ያስተምሩ ጀመር። አንጾኪያ በዚያ ቀን ብትለይ ኖሮ ማን ይፈርድባት ነበር? እውነት ከእርስዋ ጋር ነበረችና። ነገር ግን አልተለየችም። ጳውሎስንና በርናባስን ሌሎችንም መርጣ ላከች። በኢየሩሳሌምም ብዙ ክርክር ሆነ፤ ጴጥሮስ ተናገረ፥ ያዕቆብ ተናገረ፥ የተላኩትም ያዩትን ተናገሩ። ከዚያም በኋላ ደብዳቤ ተጻፈ። እኔ በወጣትነቴ ከተቀበልኋት ከአራቷ መስመር ደብዳቤ ጋር ይህን ደብዳቤ ሳስተያየው ልዩነቱ ይገርመኛል። የኢየሩሳሌም ደብዳቤ ምክንያቱን ይናገራል፤ ነፍሳቸውን ስላወኩት ሰዎችም እኛ አላዘዝናቸውም ብሎ ጥፋቱን ያምናል፤ ሸክም እንዳይከብድባቸውም ይጠነቀቃል። ከደብዳቤውም ጋር ነገሩን በቃል የሚያስረዱ ይሁዳንና ሲላስን ላኩ። በጠቅላላ ጽሕፈት ቤት የምታገለግሉ ወንድሞች ይህችን ጽሑፍ ብታነቡ፥ ምዕራፍ 15ን ደግማችሁ አንብቡልን። ከወረቀት ጋር ሰው ላኩልን።

ምናልባት ትለኝ ይሆናል፤ «ይህ የጥንት ታሪክ ነው፤ በእኛ አገር የሆነውን ንገረኝ።» መልካም ነው። ሩቅ አልሄድም፤ ከአቦምሳ ወርደህ በምትደርስባት በአዳማ፥ አባቶቻችን ናዝሬት ሲሉአት በነበረችው ከተማ የሆነውን እነግርሃለሁ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሜኖናይት የሚባሉ ክርስቲያኖች ከአሜሪካ መጥተው በናዝሬት በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተጠራውን ሆስፒታል አቋቋሙ። ቤቱም ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ የነበረ ነው። በዚያም ቍስል ጠራጊዎችና አስታማሚዎች የሚሆኑ ወጣቶች ተማሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎች የወንጌል መልእክተኞች ሆኑ። በሰኔ ወር 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዎች ተጠመቁ። አሥር ሰው ብቻ! ይህ ቍጥር በአንድ ሳሎን ይቀመጣል። በ1951 ዓ.ም. ማኅበሮቹ አንድ ሆነው መሠረተ ክርስቶስ የሚለውን ስም ያዙ፤ ስሙም ከተመሠረተው በቀር ሌላ መሠረት ማንም ሊመሠርት እንደማይችል ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው ቃል የተወሰደ ነው። እነዚያ የቆሮንቶስ ሰዎች አንዱ የጳውሎስ ነኝ፥ ሌላው የአጵሎስ ነኝ እያሉ የተከፋፈሉ እንደ ነበሩ አንባቢ አይረሳም።

በ1957 ዓ.ም. ገደማ የአመራሩ ሥራ ከሚሲዮናውያን ወደ ኢትዮጵያውያን ተላለፈ፤ አቶ ሚሊዮን በለጠም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ መንበር ሆኑ። ከዚያም በ1960ዎቹ በዓለም ያሉ ሜኖናይቶች ሁሉ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ እኒሁኑ ሰው ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣቸው። ትላንት በጥጥ መዳመጫ ቤት የተወለደች ማኅበር ልጅ የዓለሙን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መራ። ኅብረት ማለት ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ውኃ ነው የሚል ሰው ይህን ያስብ።

በዚያው ዘመን በናዝሬት የዐፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛ ለመማር ወደ ሚሲዮኑ እየመጡ ወንጌልን አነበቡ፤ ልባቸውም ተነካ። የሰማይ ብርሃን ተብለውም ተጠሩ። እነዚህ ወጣቶች የማንም ቅርንጫፍ አልነበሩም፤ የሚያዛቸው ጽሕፈት ቤት አልነበራቸውም፤ ጸሎታቸውና ቅንዓታቸው ግን ከብዙ ሽማግሌዎች ይበልጥ ነበር። በኋላ ግን ከመሠረተ ክርስቶስ ማኅበር ጋር ተቀላቀሉ። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህን የምነግርህ እሳትህን ለማጥፋት አይደለም። እሳት ምድጃ ሲያገኝ ቤትን ያሞቃል፤ ምድጃ የሌለው እሳት ግን ምን እንደሚያደርግ በበጋ ወራት በሳር ክዳን ቤት የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሽማግሌዎችም ሆይ፥ እሳት የሌለው ምድጃ አመድ ብቻ እንደ ሆነ እናንተ እወቁ።

ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። በዚያ ወራት የደርግ መንግሥት መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ፤ የጸሎት ቤቶችንና ትምህርት ቤቶችን ወሰደ፥ በባንክ የነበረውን ገንዘብ ያዘ፥ መሪዎችንም አሰረ፤ ከእነርሱም አንዳንዶች ከአራት ዓመት በላይ በእስር ቆዩ። በዚያ ጊዜ ምእመናኑ ወደ አምስት ሺህ ነበሩ። መንግሥቱ በ1983 ዓ.ም. በወደቀ ጊዜ ከተሸሸጉበት የወጡት ግን ከሠላሳ ሺህ ይበልጡ ነበር።

እነሆ፥ ብልህ ጠያቂ በዚህ ስፍራ ይይዘኛል፤ «አየህን? ጽሕፈት ቤቱ ሲዘጋ፥ ማኅተሙ ሲወሰድ፥ የገንዘቡ ሣጥን ሲታሸግ ቤተ ክርስቲያን ስድስት እጥፍ ሆነች። እንግዲህ ጽሕፈት ቤት ምን ይረባል?» ይላል። ይህ ጠንካራ ነገር ነው፥ ለረጅም ጊዜም አስቤበታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያለ ሕንጻ፥ ያለ ባንክና ያለ ማኅተም ልትኖር እንደምትችል እመሰክራለሁ፤ ይህን የካደ ሰው የ1974ን ዓመት አያውቅም። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት የጠፋው ሕንጻው ነው እንጂ ኅብረቱ አልነበረም። ምእመናን በየቤቱ አምስትም ስድስትም ሆነው ሲሰበሰቡ፥ በስውር ከከተማ ወደ ከተማ እየሄዱ የሚያስተምሩአቸው፥ የሚያጠምቁአቸው፥ የታሰሩትን ሰዎች ቤተ ሰብ የሚረዱ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ጋር በሰው ተያይዞ ነበር። ማንም «እኛ በዚህ ቤት ያለን አምስታችን በቅተናል» አላለም፤ ቢል ኖሮ በዚያው አምስት ሆኖ ይቀር ነበር። ዛሬ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከሦስት መቶ ሺህ የሚበልጡ የተጠመቁ አባሎች አሉአት፥ በዓለም ካሉት የሜኖናይት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በቍጥር ትበልጣለች። ይህን የጻፍሁት በቍጥር ለመመካት አይደለም፤ ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ የሆነበትን አልረሳሁም።

ስለ ሌላይቱም ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ልጨምር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በጥር ወር 1951 ዓ.ም. ተቋቋመች። ይህች ቤተ ክርስቲያን በውጭ አገር ካሉት የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ እርዳታ ትቀበል ነበር፤ ተቀባይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። እርስዋ ግን በ1964 ዓ.ም. ለሰጪዎችዋ ደብዳቤ ጻፈች፤ ለትምህርት ቤትና ለሐኪም ቤት ገንዘብ ስትሰጡ ለወንጌል ስብከት ግን የምትነፍጉ ከሆነ ሰውን ሥጋና ነፍስ አድርጋችሁ መክፈላችሁ ነው ስትል በጨዋነት ገሠጸች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ እኒህም ሰው ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢከፈትላቸው መንጋቸውን ጥለው መሄድን እምቢ አሉ፥ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ። እንግዲህ በኅብረት መኖር ማለት ዝም ብሎ መታዘዝ ማለት አይደለም። ልጅ አባቱን አክብሮ ሊመክረው ይችላል።

«መለየትስ ከቶ አይገባምን?» ብትለኝ፥ የሚገባበት ቀን እንዳለ አልክድም። ይህችው መካነ ኢየሱስ በጋብቻ ትምህርት ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት በ2005 ዓ.ም. በጠቅላላ ጉባኤዋ አቋርጣለች። በነገሩ የሚስማማም የማይስማማም አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ እኔ እንድታይ የምፈልገው መንገዱን ነው። ምክንያቱ የትምህርት ነገር ነበር እንጂ የገንዘብ ወይም የሹመት ነገር አልነበረም። ለዓመታት ተነጋገሩበት፥ አስቀድመውም አስጠነቀቁ፤ የወሰኑትም ከየሲኖዶሱ የተላኩት ሰዎች በጉባኤ ተቀምጠው ነው። እኛ ሃያ ሁለታችን ግን በአንድ ሌሊት፥ በአንድ ፋኖስ፥ ስለ አንድ ሰው ዝውውር ወሰንን።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ የብዙው ነገር ሥር በዚያ ነውና፥ ሸፍኜ ባልፈው አንባቢ ይታዘበኛል።

በአቦምሳ ዕድር የሌለው ሰው ማን ነው? ዕድርተኛ በየወሩ ይከፍላል፥ ዓመት ሙሉ በቤቱ ሞት ባይገባም ይከፍላል፤ «የእኔ ሰው ስላልሞተ ገንዘቤን መልሱልኝ» የሚል የለም። ለሥጋ ሞት ይህን ያህል ከተያያዝን ለወንጌል ነገር ስለ ምን እንለያያለን? ደግሞም ከቆቃ ግድብ በታች የሚወርደው የአዋሽ ውኃ የመርቲንና የኑራ ኤራን እርሻ እንዴት እንደሚያጠጣ አይተሃል። በቦዩ ራስ ያለው ሰው ውኃውን ለራሱ ብቻ ቢገድበው ማሳው ይጨቀያል፥ በቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ግን ይደርቃል። ስለዚህ አባቶች በመስኖ አገር የውኃ አባት ይሾሙ ነበር፤ የውኃ አባት ውኃን አይፈጥርም፥ ተራን ይጠብቃል እንጂ። ጠቅላላ ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ ነው። ከአንተ መባ የሚወጣው ጥቂት ክፍል ሰባኪ መቅጠር ለማትችል ለገጠር ማኅበር፥ ለመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት፥ ለጡረተኛ ወንጌላዊ መበለት ይደርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ነገር ግን የውኃ አባት ሌሊት ለዘመዱ ውኃ ቢለቅስ? ይህም ይሆናል። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ ብቻውን አልተሸከመውም። ማኅበሮቹ ራሳቸው የመረጡአቸው ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ ስለዚህ ብዙ ስጦታ ማንም እንዳይነቅፈው እንደ ተጠነቀቀ፥ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንዳሰበ ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክት በምዕራፍ 8 ጽፎአል። ሐዋርያው እንዲህ ካደረገ፥ «እመኑኝ» ብቻ ብሎ ሒሳብ የማያሳይ ሹም ከሐዋርያ ይበልጣልን? በሒሳብ መርማሪ የታየውን መግለጫ መጠየቅ ዓመፅ አይደለም። አለመጠየቅና በጓዳ ማማት ግን ኃጢአት ነው። በደጃፍ ከሚያጕረመርሙት ሰዎች መካከል በጉባኤ ቀን እጁን አንሥቶ የጠየቀ ስንት ነው?

ስለ ቦታውና ስለ ቤቱ ካርታ ብዙ አልጽፍም። በማን ስም እንደ ተጻፈ ሳይጣሉ በፊት ተነጋገሩበት፤ ከተጣሉ በኋላ በዳኛ ፊት መቆም ይመጣል፥ ጳውሎስም ስለዚህ ነገር የቆሮንቶስን ሰዎች እንዴት እንዳሳፈራቸው ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ ይወቅሰኛል። ብዙ ጊዜ «ማኅበራችን ነጻ ትውጣ» የሚለውን ቃል ማኅበሩ አይደለም የሚናገረው፤ አንድ ሰው ነው። ዮሐንስ በሦስተኛው መልእክቱ ዲዮጥራጢስ ስለሚባል ሰው ጽፎአል፤ ፊተኛ መሆንን ይወድድ ነበር፥ የሐዋርያውን መልእክተኞች አይቀበልም፥ ሊቀበሉ የሚወዱትንም ከማኅበር ያወጣ ነበር። እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ከጽሕፈት ቤት ቀንበር እንውጣ የሚልህ ሰው በሚወጣበት ቀን ማን እንደሚመረምረው ጠይቀው። እርሱ ቢበድልህ ለማን ትጮኻለህ? በኅብረት ያለች ማኅበር ሽማግሌዋ ቢስት የሚመጡላት ሌሎች ሽማግሌዎች አሉአት። በዘመናችን በአንድ ሰው ስም ተከፍተው፥ የሰውየው ሚስት ገንዘብ ያዥ፥ ወንድሙ ጸሐፊ የሆኑባቸው ጉባኤዎች እንዳሉ አንተም አይተሃል። በእነርሱ ያሉትን ምእመናን አልንቅም፤ አዝንላቸዋለሁ እንጂ።

ጎረቤቶቻችንም ይመለከቱናል። በአቦምሳ ከኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችና ከእስላሞች ጋር በአንድ ገበያ እንገበያያለን፥ በአንድ ለቅሶ ቤት እንቀመጣለን። ማኅበራችን ለሁለት ተከፍላ ሁለት ድምፅ ማጉያ በአንድ መንገድ ላይ ሲጮኽ በሰሙ ጊዜ ስለምንሰብከው ፍቅር ምን ያስቡ ይሆን? እኔ ሲጠይቁኝ አፍሬአለሁ።

የእኛ ወረቀት መጨረሻው እንዲህ ሆነ። ሊሰናበተን የመጣው ወንጌላዊ የሚሄድበት ቆላ ስፍራ ሁለት ዓመት ያለ አስተማሪ እንደ ኖረ፥ ሂድ ሲሉትም ራሱ እሺ እንዳለ ነገረን። ይህን አስቀድሞ ማንም አልነገረንም ነበር፤ አራቷ መስመር ስምንት ሆና ብትጻፍ ኖሮ ያን ሌሊት በሰላም እንተኛ ነበር። ወረቀቱ አልተላከም። ነገር ግን ከሃያ ሁለቱ ሰባቱ እልኩ አልበረደላቸውም፥ ወጡ። ከሰባቱ ሁለቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሱ፤ ሦስቱ ዛሬ በየትኛውም ማኅበር የሉም። ከቀሩት አንዱ እስከ ዛሬ በመንገድ ሲያገኘኝ አንገቴን አቅፎ ይስመኛል፥ ስለ ልጆቼም ይጠይቀኛል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን አንነጋገርም። እርሱን ያሳመነው የእኔ ያማረ ጽሕፈት ነበርና ይህ ነገር እስከ አሁን ይከብደኛል።

እንግዲህ በአቦምሳ ያላችሁ ሆይ፥ ወደ ጠቅላላ ጉባኤ የምትልኩትን ሰው በምትመርጡበት ጊዜ ለመንገድ የሚመቸውን ወይም ዝም የሚለውን ሰው አትምረጡ። የሚጠይቅ፥ ሲመልሱለትም የሚሰማ ሰው ምረጡ። ከመሄዱ በፊት ጥያቄአችሁን ጽፋችሁ ስጡት፤ ስለ ገንዘቡም፥ ስለ ሰባኪውም፥ ስለ ካርታውም። ጸልዩለት፥ ስንቁንም ስጡት። ሲመለስ በሽማግሌዎች ክፍል ብቻ አይናገር፤ እሑድ በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቃለ ጉባኤውን ያንብብ፤ ማንበብ የማይችሉት እናቶችም እንዲሰሙ በአማርኛ ያነበበውን በኦሮምኛ ይድገመው፥ በኦሮምኛም ያነበበውን በአማርኛ። ያልተመለሰለት ጥያቄ ካለም አልተመለሰልኝም ይበል፥ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ይዞት ይሂድ።